ሦስተኛው መቺ ማን ይሁን? ህንድን ያልተወ ራስ ምታት

እ.ኤ.አ ኖቬምበር 26 ቀን 2025 የህንድ ብሔራዊ የክሪኬት ቡድን በገዛ አገሩ፣ በጉዋሃቲ ከተማ፣ በደቡብ አፍሪካ በ408 ራን ተሸነፈ። ራን ማለት በእግር ኳስ ቋንቋ ጎል ነው፤ ልዩነቱ በክሪኬት በመቶዎች መቆጠሩ ብቻ ነው። በራን ሲለካ ህንድ በቴስት ክሪኬት ታሪኳ እንዲህ ተሸንፋ አታውቅም። ከሽንፈቱ በኋላ የአገሪቱ ደጋፊ ጣቱን አሰልጣኙ ጋውታም ጋምቢር ላይ ቀሰረ። ገሚሱ ሜዳውን ወቀሰ፣ ገሚሱ የአምበሉን የሹብማን ጊልን ጉዳት አነሳ። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ቡድኑን ለወራት ሲያስጨንቀው የቆየ አንድ የአሰላለፍ ጥያቄ ነበር። ሦስተኛ ሆኖ የሚገባው መቺ ማን ነው?

ለእግር ኳስ ወዳጅ ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል። አንድ ተራ ቁጥር ይህን ያህል ሊያነጋግር ይችላል? ይችላል። ሪያል ማድሪድ በ2003 ክረምት ክላውድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሲሸጥ ስንቱ ነበር "አንድ ተከላካይ አማካይ ቢሄድ ምን ይጎድላል?" ያለው? በዚያው ክረምት ዴቪድ ቤካም መጣ፣ ማሊያው ተቸበቸበ። ሪያል ግን ቀጣዩን የላሊጋ ዋንጫ ለማንሳት እስከ 2007 ጠበቀ። የህንድ ሦስተኛ መቺ ታሪክም ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ተራው ለምን ዋጋ አለው?

ቴስት ክሪኬት እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ ኳስ የመምታት ዕድል አለው። ከ11ዱ ተጫዋቾች ሁለቱ ሜዳ ይገባሉ፤ አንዱ ሲወጣ ቀጣዩ ይተካዋል። በአንድ ዙር አንዴ የወጣ መቺ ተመልሶ አይገባም። እዚህ ላይ ነው የተራው ጉዳይ የሚመጣው።

ኳሱ አዲስ ሲሆን ጠንካራ ነው፤ በአየር ላይ ይታጠፋል፣ ከመሬት ሲነሳም ያስቸግራል። እያረጀ ሲሄድ ይለሰልሳል፣ ለመቺው ይቀላል። ተጋጣሚው አዲስ ኳስ መጠየቅ የሚችለው 80 ኦቨር፣ ማለትም 480 ኳስ ከተወረወረ በኋላ ነው። ስለዚህ አንደኛና ሁለተኛ የሚገቡት "ከፋቾች" የአዲሱን ኳስ እሳት የሚቀበሉ ናቸው። አራተኛው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የቡድኑ ኮከብ ነው፤ ሳቺን ቴንዱልካርም፣ ከእሱ በኋላ ቪራት ኮህሊም የነገሡት እዚያ ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ደግሞ ኳሱ ሲያረጅ ውጤቱን የሚያፋጥኑ መቺዎች፣ ኦል ራውንደሮችና በረኛው፣ ማለትም ዊኬት ኪፐሩ ይመጣሉ።

ሦስተኛው ግን ሥራው አይታወቅም። ከከፋቾቹ አንዱ በሁለተኛው ኳስ ከወጣ እሱም ከፋች ሆነ ማለት ነው። ከፋቾቹ ሦስት ሰዓት ከቆዩ ደግሞ እግሩ ላይ መከላከያውን እንዳሰረ፣ ልቡን እንዳንጠለጠለ ሦስት ሰዓት ይጠብቃል። በመጀመሪያው ደቂቃም በ80ኛውም ሊገባ የሚችል፣ ሲገባ ደግሞ ሁለቱንም ጨዋታ እኩል መጫወት ያለበት ተቀያሪ በሉት። ከሁሉ በላይ ከኋላው ያለውን ኮከብ ከአዲሱ ኳስ ይጋርዳል።

ሁለት ሰዎች፣ ሃያ ምናምን ዓመት

ህንድ ለረጅም ጊዜ ይህ ጭንቀት አልነበረባትም። በ1996 ብቅ ያለው ራህል ድራቪድ በቴስት ካስቆጠረው 13,288 ራን ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ የሚሆነውን ያገኘው ሦስተኛ ሆኖ እየገባ ነው። "ግድግዳው" የሚለውን ቅጽል ስም ያለ ምክንያት አልሰጡትም። በ2012 ጓንቱን ሲሰቅል ቼቴሽዋር ፑጃራ ቦታውን ተረከበ። ፑጃራ በ103 ጨዋታ 7,195 ራን አለው።

ፑጃራ ማኬሌሌ ነበር። ቲቪ የሚወደው ዓይነት ተጫዋች አይደለም። በ2018/19 ህንድ በአውስትራሊያ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የቴስት ተከታታይ ግጥሚያ ስታሸንፍ 521 ራን ያስቆጠረው 1,258 ኳስ ተጋፍጦ ነው። በጃንዋሪ 2021 ብሪዝበን ላይ ደግሞ አውስትራሊያ ከ1988 ጀምሮ ባልተሸነፈችበት ሜዳ፣ ኳሱ ትከሻውንም ደረቱንም የራስ መከላከያውንም እየደበደበው 211 ኳስ ቆሞ 56 ራን ብቻ አገኘ። በማግስቱ ጋዜጦች ያነገሡት 89 አስቆጥሮ ድሉን የጨረሰውን ሪሻብ ፓንትን ነው። ፓንት ይገባዋል። ነገር ግን ፑጃራ ወርዋሪዎቹን ባያደክማቸው ኖሮ ፓንት ያንን ጨዋታ በምን ዕድል ይጫወተው ነበር?

በጁን 2023 ህንድ የቴስት ሻምፒዮና ፍጻሜን በአውስትራሊያ ስትሸነፍ ፑጃራ 14 እና 27 አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ አልተጠራም። በኦገስት 2025 ከማንኛውም ክሪኬት መሰናበቱን አስታወቀ።

ወንበሩ እንዴት ባዶ ሆነ?

የፑጃራን ቦታ የወሰደው ጊል ነበር። በ2023 ያሻስቪ ጃይስዋል የሚባል ወጣት ከፋች መጣ፣ በመጀመሪያ ጨዋታው ዌስት ኢንዲስ ላይ 171 አስቆጠረ። ከፋች የነበረው ጊል ወደ ሦስተኛ ወረደ። ጥሩ፣ ችግሩ የተፈታ መሰለ።

ከዚያ ሜይ 2025 መጣ። በሜይ 7 አምበሉ ሮሂት ሻርማ፣ በሜይ 12 ደግሞ ኮህሊ ከቴስት ክሪኬት ራሳቸውን አገለሉ። ኮህሊ 123 ጨዋታ፣ 9,230 ራን፣ 30 መቶ (በአንድ ዙር 100 ራንና ከዚያ በላይ ማለት ነው) ትቶ ሄደ። የ25 ዓመቱ ጊል አምበል ሆነ፣ የኮህሊን አራተኛ ቦታም ወሰደ።

ውሳኔው አልተሳሳተም፤ እንዲያውም ከተጠበቀው በላይ ሠራ። በእንግሊዝ አምስት ጨዋታ ጊል 754 ራን አስቆጠረ። በበርሚንግሃም ብቻ 269 እና 161። ህንድ እዚያ ሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈች፣ ተከታታዩም 2ለ2 አለቀ። ኮከቡ ወንበሩን አገኘ። ችግሩ ኮከቡ የተነሳበት ወንበር ነው። የሮሂት የከፋችነት ቦታ በኬኤል ራህል ተሞላ፣ የኮህሊ በጊል ተሞላ፣ ሦስተኛው ቦታ ግን ሌላው ሁሉ ከተደለደለ በኋላ የተረፈ ሆነ።

ከስምንት ዓመት በኋላ የመጣ ዕድል

የተረፈውን ቦታ መጀመሪያ የተቀመጠበት ሳይ ሱዳርሻን ነው። የ23 ዓመቱ ወጣት ሊድስ ላይ በመጀመሪያ ጨዋታው 0 እና 30 አስቆጥሮ ለቀጣዩ ጨዋታ ቤንች ተቀመጠ። ተራው የካሩን ናይር ሆነ።

የናይር ነገር ሆድ ያባባል። በዲሴምበር 2016 ቼናይ ላይ እንግሊዝን 303 ራን አስቆጥሮባት ሳይወጣ ጨርሷል። ከቪሬንደር ሴህዋግ በቀር ለህንድ ሦስት መቶ ያስቆጠረ ሌላ ሰው የለም። ከጥቂት ወራት በኋላ በ2017 ተቀነሰ። በአገር ውስጥ ውድድር ራን እየከመረ ለመመለስ ስምንት ዓመት ፈጀበት። ሲመለስ 33 ዓመቱ ነበር። እና ምን ጠበቀው? ሊድስ ላይ ስድስተኛ፣ ቀጥሎ ሁለት ጨዋታ ሦስተኛ፣ ከዚያ ቤንች፣ ከዚያ ለመጨረሻው ጨዋታ እንደገና ሜዳ። በሦስተኛነት 31፣ 26፣ 40 እና 14 አገኘ። ጀመር ያደርጋል፣ አይጨርስም። ከእንግሊዝ ሲመለሱ ስሙ ከዝርዝሩ ወጣ።

መራጮቹን ለመውቀስ አይቸኮል። መጀመር እንጂ መጨረስ ያልቻለ መቺ ይቀየራል፣ ይህ በየትኛውም ስፖርት ያለ ነው። የሱዳርሻን ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ማንቸስተር ላይ ተመልሶ 61 አስቆጠረ። በኦክቶበር 2025 ዴልሂ ላይ ዌስት ኢንዲስን ሲገጥሙ 87 እና 39። "አሁን ቦታውን ያዘ" ተባለ። ቀጣዩ ጨዋታ ኮልካታ ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር። ሱዳርሻን አልተሰለፈም።

ኮልካታ፣ ከዚያም ጉዋሃቲ

ጋምቢር ኮልካታ ላይ አራት ስፒነሮችን፣ ማለትም ኳስ አሽከርካሪ ወርዋሪዎችን አሰለፈ። አራቱም እንዲገቡ አንድ መቺ መውጣት ነበረበት፤ የወጣው ሦስተኛው ሆነ። በቦታው ዋሽንግተን ሰንደር ገባ። ሰንደር እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው ወደ ታች ወርዶ የሚመታ ስፒነር ሆኖ ነው።

የአሰልጣኙ ሙግት ባዶ አልነበረም። ከአራት ወር በፊት ማንቸስተር ላይ ህንድ በሁለተኛው ዙር ገና አንድ ራን ሳታስቆጥር ሁለት መቺ አጥታ ነበር። ያንን ጨዋታ በአቻ ካተረፉት አንዱ ያው ሰንደር ነው፤ 101 አስቆጥሮ ሳይወጣ ጨረሰ። ኮልካታ ላይም ቢሆን 29 እና 31 በማስቆጠር ከብዙዎቹ ዋና መቺዎች ተሽሏል። ስለዚህ ሽንፈቱን በሰንደር ማሳበብ ግፍ ነው።

ቡድኑ ግን ሚዛኑን አጣ። ጊል በመጀመሪያው ዙር አንገቱን ተጎድቶ ወጣና ተመልሶ መምታት አልቻለም። ህንድ ለማሸነፍ 124 ራን ብቻ ያስፈልጋት ነበር፤ 93 ላይ አለቀች። ሳይመን ሃርመር በሁለቱ ዙር ስምንት ሰው አስወጣ። ጋምቢር ሜዳው የጠየቁት ዓይነት እንደነበር ተናገረ። ይህም የራሱ ጥያቄ አለው፤ ኳስ እንዲሽከረከር የተዘጋጀ ሜዳ የራስን መቺዎችም ይበላል። እንዲህ ያለ ሜዳ አዘጋጅቶ አንድ መቺ መቀነስ ደግሞ ተከላካይ አውጥቶ በረኛው ላይ መጮህ ነው።

በቀጣዩ ጨዋታ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። ሱዳርሻን ወደ ሦስተኛ ተመለሰ። ኮልካታ ላይ ሦስተኛ የነበረው ሰንደር ወደ ስምንተኛ ወረደ። ህንድ በመጀመሪያው ዙር አንድ ሰው ብቻ አጥታ 95 ደርሳ ሳለ በድንገት 122 ላይ ሰባተኛው ወጣ። ሱዳርሻን 15 እና 14 አስቆጠረ። ከሁሉም የሚያስተዛዝበው፣ በዚያ ዙር ብዙ ኳስ የተጋፈጠው ዋና መቺ ሳይሆን ስፒነሩ ኩልዲፕ ያዳቭ ነበር። 134 ኳስ ቆሞ 19 ራን አገኘ። የፑጃራን ሥራ የሠራው ወርዋሪ ነው ማለት ነው።

መቀየር ሁልጊዜ ስህተት ነው?

አይደለም። በማርች 2001 በዚያው በኮልካታ ስታዲየም ህንድ 274 ራን ተመርታ በሁለተኛ ዙር ስትገባ አሰላለፉን ገልብጣ ነበር። ስድስተኛ የነበረው ላክስማን ሦስተኛ ሆነ፣ ድራቪድ ወደ ስድስተኛ ወረደ። ላክስማን 281፣ ድራቪድ 180። ሁለቱ አብረው 376 ራን ጨመሩ፤ 16 ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ የመጣው የአውስትራሊያ ጉዞ እዚያ ተቋጨ።

ደቡብ አፍሪካም ራሷ ቀይራለች። ኮልካታ ላይ ሦስተኛ የነበረው ኦል ራውንደሩ ዊያን ሙልደር ነበር፤ ጉዋሃቲ ላይ ትሪስታን ስታብስ ገብቶ 49 እና 94 አስቆጠረ። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ስታብስ ዋና ሥራው መምታት ነው፣ በዚያ ተራ ቀደም ሲልም ተጫውቷል። ላክስማን ወደ ላይ ሲወጣ በመጀመሪያው ዙር 59 አስቆጥሮ ከቡድኑ ሁሉ የበለጠ ሰው ነበር። ሁለቱም ለውጦች "ለሥራው የተሻለው ማን ነው?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበሩ። የህንድ የ2025 ለውጥ ግን "አራተኛውን ስፒነር የት እናስገባው?" የሚል ጥያቄ ነበረው።

ህንድ መቺ አልጠፋባትም። አቢማንዩ ኢስዋራን ከቡድኑ ጋር እንግሊዝ ድረስ ሄዶ አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ተመልሷል። ሳርፋራዝ ካን በኦክቶበር 2024 ኒውዚላንድ ላይ 150 አስቆጥሮ፣ ያ ተከታታይ ካለቀ በኋላ ቤንች ላይ ቀርቷል። በዚያ ተከታታይ ህንድ 3ለ0 ተሸንፋ በሜዳዋ ለ12 ዓመት የቆየው ያለመሸነፍ ጉዞዋ አክትሟል። ከአንድ ዓመት በኋላ የመጣው የደቡብ አፍሪካ 2ለ0 ደግሞ ከ2000 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ጊዜ የተደገመ ነገር አጋጣሚ ነው ለማለት ይከብዳል።

የሚጎድለው ትዕግሥት ነው። ድራቪድም ፑጃራም ያልሆነላቸው ወራት ነበሯቸው፤ በሚቀጥለው ጨዋታ የት እንደሚሰለፉ ግን ያውቁ ነበር። ሱዳርሻን 87 አስቆጥሮም አላወቀም። ናይር ስምንት ዓመት ጠብቆ በአንድ ተከታታይ ውስጥ ተራው ተቀያይሮበታል። ጋምቢርና የመራጮቹ ሰብሳቢ አጂት አጋርካር ሱዳርሻንን ይምረጡ ሌላ ሰው፣ ስም ከመጥራታቸው በፊት ለዚያ ሰው ስንት ጨዋታ እንደሚሰጡት ሊወስኑ ይገባል። አሥር ጨዋታ ብዙ አይደለም። ከዚያ በኋላ ካልሆነለት ማንም አይፈርድባቸውም።