«ለቤት ሠራተኛ ስዕል ምን ያደርግላታል?» ለምትሉን

ዛሬ ትንሽ ተናድጄ ነው የምጽፈው። አንዷ እህታችን የሳለችውን ስትለጥፍ ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን። «ሥራ የለሽም እንዴ?» «ይሄን ከምትሞነጫጭሪ ብር ላኪ!» «ስዕል ተሰጥኦ ነው፣ ዝም ብሎ አይሞከርም።» የሚያሳዝነው ይህን የሚጽፈው ከፊልም አይደለም፣ ማዳምም አይደለችም። የራሳችን ሰው ነው።

እስቲ ስለ ተሰጥኦው እናውራ። ሳምቡሳ መጠቅለል የቻልሽው በተሰጥኦ ነው? የረመዳን መጀመሪያ ዘይት ውስጥ እየተፈታ ያስቸግርሽ ነበር፤ ወሩ ሲያልቅ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትጠቀልያለሽ። አረብኛውስ? ትምህርት ቤት ያስገባሽ የለም። በየቀኑ ሰምተሽ፣ በየቀኑ ተሳስተሽ አወቅሽው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ታዲያ እርሳስ ላይ ሲሆን ለምንድን ነው ይሄ የማይሠራው?

«የሀብታም ልጅ ሥራ ነው» ለምትሉ ደግሞ ሁለት ሴቶች ልጥራላችሁ። ሴራፊን ሉዊ ፈረንሳይ ውስጥ ሳንሊስ በምትባል ከተማ ሰው ቤት እያጸዳች ነበር የምትኖረው። ቀን ታጸዳለች፣ ማታ አበባና ቅጠል ትስላለች። እ.ኤ.አ. በ1912 አንድ ስዕል ሰብሳቢ ጎረቤት ቤት ያየውን ስዕል ወዶ ማን እንደሳለው ሲጠይቅ፣ የእሱኑ ቤት የምታጸዳዋ ሴት ሆና ተገኘች! ክሌሜንታይን ሀንተር ደግሞ አሜሪካ ሉዊዚያና ጥጥ የለቀመች፣ ሰው ቤት ያበሰለች፣ ልብስ ያጠበች ናት። ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። ወደ ስዕል የገባችው 50 ዓመት ካለፋት በኋላ ነው፣ ሌሎች ሠዓሊዎች ትተውት በሄዱት ቀለም። ካርቶንም ጠርሙስም ላይ ትስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 አርጅታ እስክትሞት ድረስ ስዕሎቿ ስንትና ስንት ሙዚየም ገብተዋል።

ስዕል ሀብታም ያደርግሻል አልልም። ሴራፊን በድህነትና በሕመም ነው የሞተችው። ያልተከፈለ ደሞዝሽንም ስዕል አያስከፍልልሽም።

«ሰዓት የለንም» የምትሉት ግን እውነት ነው፣ አልከራከርም። እንቅልፍሽንም አትንኪ። 10 ደቂቃ ካገኘሽ ግን ይበቃል። እስክሪብቶና የሶፍት ካርቶን የውስጥ ገጽ በቂ ነው። የልጆቹን ከለር ሳታስፈቅጂ እንዳትነኪ፣ በኋላ «ሰረቀች» ይመጣል። የሻይ ብርጭቆ ወይ የግራ እጅሽን ሳይ፤ አንዱን ነገር ሳምንት ሙሉ። ከወረቀቱ ይልቅ ዕቃውን አብዝተሽ እዪ፣ ምክንያቱም ያለውን ሳይሆን የምናስበውን ስለምንስል ነው የሚጣመምብን። ፊት ስትስዪ ዓይን ወደ ግንባር አይሰቀልም፣ የጭንቅላት ቁመት መሃል ላይ ነው። ቀኑን ጻፊበትና አስቀምጪ። ከሁለት ወር በኋላ ደርድረሽ ስታዪው ተሰጥኦ የሚሉት ነገር ከየት እንደሚመጣ ይገባሻል።

ቤቱ የማዳም ነው፣ ሰዓቱ የማዳም ነው፣ ደሞዙም ሳይውል ሳያድር ሀገር ቤት ይሄዳል። ያቺ 10 ደቂቃ ግን የራሳችን ናት። ለዘመድ ሁሉ ስናስብ ኖረን ለራሳችን አንዲት ነገር ብንማር ምኑ ነው ነውሩ?

ማበረታታት ያቃታችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ። የምትስሉ እህቶች ደግሞ ከታች ኮመንት ላይ ለጥፉ፣ የመጀመሪያ ቀኑን ከነጠማማው። እኛ እናያለን።