የቤንዚን ፓምፕ ሲደክም

ይህ የቤተሰብ አምድ ብዙውን ጊዜ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጓዳ ጉዳይ የሚነጋገር ቢሆንም፣ ዛሬ ወደ መኪና ኮፈን ሥር ልንወስዳችሁ ወደድን። በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ የሃምሳ አለቃ በቁጠባ ገንዘባቸው የገዟት አሮጌ ላዳ ለሦስት ወራት የቤቱን ቀለብ ስትበላ ኖራ፣ በመጨረሻ በሽታዋን ያገኙላት መካኒኮች ሳይሆኑ ባለቤታቸው ናቸውና።

መኪናይቱ በሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች። ዳገት ሲገጥማትና ቤንዚን መርገጫው ጠለቅ ብሎ ሲረገጥ ግን እየተንተፋተፈች ትቆማለች፤ ጥቂት ካረፈች በኋላ ብዙ አስለፍታ ትነሳለች። ካንዴላ ተለወጠ፤ ካርቡራቶሩ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ታጠበ፤ የሃምሳ አለቃው ኪስም አብሮ ታጠበ። ለመሆኑ ቤንዚን ወደ ካርቡራቶሩ በበቂ ይደርሳልን? ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ላዳ ከፊያት 124 ተወልዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት በቶልያቲ ከተማ የተሠራች፣ በአዲስ አበባም ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለች መኪና ናት። ካርቡራቶር ባላቸው ላዳዎች ላይ ያለው የቤንዚን ፓምፕ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ከሞተሩ ጋር የሚዞር ዘንግ አንዲት አጭር ብረት ይገፋል፤ ብረቷም የፓምፑን ምላስ ትገፋለች፤ ምላሱ ዳያፍራም የሚባለውን ስስ ሽፋን ወደ ታች ሲስብ ቤንዚን ከጋኑ ይመጣል። ሽፋኑን መልሶ ቤንዚኑን ወደ ካርቡራቶር የሚገፋው ሞላ ነው። የዚህ ሞላ ጉልበት በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ0.2 እስከ 0.3 ኪሎ ቢሆን ነው። ከጎማ ነፋስ ጋር ሲወዳደር እስትንፋስ ያህል ነውና፣ ጥቂት ቆሻሻ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ ያሸንፈዋል።

ባለፈው እሑድ የሃምሳ አለቃው ቤት በሄድን ጊዜ ምርመራውን አብረን ጀመርን። አስቀድሞ የቡናው ምድጃ ከአጠገባችን ተነሣ፤ ሲጋራም ጠፋ። በዚህ ነገር ቀልድ የለም። መጀመሪያ የቤንዚን ጋኑ ክዳን ተከፈተ። መተንፈሻው የተደፈነ ጋን ክዳኑ ሲከፈት ነፋስ እየሳበ ያፏጫል፤ ይህኛው ዝም አለ። ቀጥሎ ሙቀትን ጠረጠርን። በከፍታ ቦታ ላይ፣ ባሕር ዳርቻ ከሚፈላበት ባነሰ ሙቀት ቤንዚን ይፈላል፤ እንፋሎቱም ፓምፑን ባዶ ያስረግጠዋል። ብዙ ሾፌሮች በፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚጥሉት ለዚህ ነው። የሃምሳ አለቃው ዳገቱ ላይ ጨርቁን ሞክረውት ኖሯል፤ ለውጥ አላገኙም።

ሞተሩ ከበረደ በኋላ ወደ ካርቡራቶር የሚሄደውን ቱቦ ነቅለን ጠርሙስ ውስጥ ከተትንና በፓምፑ ጎን ያለውን የእጅ ምላስ መታን። (ምላሱ ባዶውን ቢወዛወዝ ፓምፑን ለመኮነን አይቸኮል፤ ዘንጉ ገፍቶት ቆሞ ይሆናልና ሞተሩን ጥቂት አዙሮ እንደገና መሞከር ነው።) ጤነኛ ፓምፕ በየምቱ ወፈር ያለ ቤንዚን ይተፋል፤ ይህ ግን ያለቅስ ጀመር። የላይኛውን ክዳን በአንድ ብሎን ፈትተን ወንፊቱን አየን፤ ንጹሕ ነው። ቱቦው አየር እየሳበ እንዳይሆን፣ ከፓምፑ መግቢያ አጭር አዲስ ቱቦ ወደ ጀሪካን ሰደድን። ያው ለቅሶ። እንግዲህ ጋኑና መስመሩ ነጻ ወጡ።

ይህን ጊዜ ወይዘሮዋ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና፣ «እኔ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሳደርስ ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል ብዬ አልነበረም?» አሉ። ዘይቱ ከልኩ በላይ ወጥቷል፤ ቤንዚንም ይሸታል። ፓምፑን አውጥተን ስናየው ምስጢሩ ተገለጠ። በአካሉ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ የላይኞቹ ሽፋኖች ሲቀደዱ ቤንዚኑ ወደ ዘይት ሳይወርድ ወደ ውጭ ተንጠባጥቦ ባለቤቱን እንዲያስጠነቅቅ የተበጀች ናት። አንድ ጋራዥ ይህችን ቀዳዳ «ታፈሳለች» ብሎ በሳሙና ደፍኗታል! የታችኛውም ሽፋን አርጅቶ ስለ ነበር ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ወርዷል። እንዲህ ያለ ዘይት ቀጥኖ ብረት ከብረት ያፋጫል፤ እንፋሎቱም እሳት ይጠራል። ሁለት ልጆች ከኋላ ወንበር ተቀምጠው በየጧቱ ይጓዙ የነበረው ከዚህ ጋር ነው።

አዲስ ፓምፕ ተገዛ፤ ተገጠመ፤ አልሳበም። የሃምሳ አለቃው ፊት ጠቆረ። ነገሩ የጓርኒሲዮን ነበር። ገፊዋ ብረት ከመግጠሚያው ወጣ የምትልበት ልክ ዝቅተኛው ከ0.8 እስከ 1.3 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው፣ እኛ ወፍራም ጓርኒሲዮን ደርበን ውጣ፣ ምላሱም ግማሽ መንገድ ብቻ ይሄድ ኖሯል። በስሱ ለወጥነው። ዘይቱም ከነፊልትሮው ተቀየረ፤ ያ ሳይሆን ሞተሩን ማስነሣት አይገባም ነበርና።

በማግስቱ ላዳይቱ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣችው። ወይዘሮዋ ግን ዛሬም የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳያሸቱ ልጆቹን አያሳፍሩም።