ቁጥሩን ንገሩኝ፣ ፈገግታው ይቅር

ስለ ደንበኛ አያያዝ ሲወራ እኛ ዘንድ ቶሎ የሚነሳው ፊት ነው። ሻጩ ፊቱን አጨማደደ፣ አስተናጋጇ ገላመጠችኝ፣ ገንዘብ ያዡ ሰላምታዬን ዋጠው። እኔ በበኩሌ ከሻጭ ፈገግታ ጠይቄ አላውቅም። የብስክሌት ዕቃ በቴሌግራም የሚሸጡልን ልጆች ደግሞ በሰላምታ አይታሙም። «ውድ ደንበኛችን» ይላሉ፣ ቀይ ልብ ይልካሉ፣ በዓል ሲደርስ እንኳን አደረሰዎ ለማለት የሚቀድማቸው የለም። ነገር የሚበላሸው ስለሚሸጡት ዕቃ አንዲት ጥያቄ ሲጠየቁ ነው።

ማስታወቂያውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሌላ ሰው ገጽ የተወሰደ የሚያብለጨልጭ ፎቶ፣ ከሥሩ «ኦርጅናል የብስክሌት ጎማ፣ ለሁሉም ብስክሌት የሚሆን፣ ያለን ውስን ነው፣ ለዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ጽሑፍ፣ ከዚያ ሁለት ስልክ ቁጥር። ለሁሉም ብስክሌት የሚሆን ጎማ ግን እስካሁን አልተሠራም።

26 ቁጥር የምንለውን እንኳ እንውሰድ። የማውንቴን ብስክሌት 26 ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 559 ሚሊ ሜትር ነው። ፊት ለፊታቸው ቅርጫት ባላቸው የከተማ ብስክሌቶች ላይ የምናየው፣ ጎኑ ላይ 26 x 1 3/8 ተብሎ የተጻፈው ደግሞ 590 ነው። ሁለቱም 26 ይባላሉ፤ በመካከላቸው ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አለ፤ በጉልበትም በሳሙናም አይገቡም። በተቃራኒው የኮርስ ብስክሌት 28 እና የማውንቴን 29 በስም ተለያይተው ዲያሜትራቸው አንድ ነው፣ 622፤ የሚለያዩት በስፋት ነው። ይህ የባለሙያ ምሥጢር አይደለም። ማንኛውም ደህና ጎማ ጎኑ ላይ ለምሳሌ 50-559 ተብሎ ታትሞበታል፤ የፊተኛው ስፋቱ፣ የኋለኛው ዲያሜትሩ ነው። ሻጩ ማድረግ ያለበት ጎማውን ብርሃን ላይ አዙሮ ማንበብ ብቻ ነው።

ያንን ነበር የጠየቅሁት። «ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» ብዬ ጻፍኩ። «ኦርጅናል ነው ብሮ» የሚል መልስ መጣ። ገባኝ፣ ግን 559 ነው ወይስ 590? «26 ነው»። የትኛው 26? «ብዙ ሰው ወስዶ ወዶታል፣ ክፍያ ይፈጽሙና ሞተረኛ እንላክ»። ጫማ ሻጭ ስንት ቁጥር ነው ሲባል የቆዳውን ጥራት ቢተርክ ትተነው እንሄዳለን። እዚህ ግን ሌላ ሱቅ በአቅራቢያ የለም፣ ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ እና ሰው ይከፍላል። ሞተረኛው ይዞ የመጣው 590 ነበር። ስደውል «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ፤ ቀጥሎ ስደውል ስልኩ አይነሳም፤ ከዚያ ቻናሉ ራሱ ከስልኬ ጠፋ፤ አግደውኝ ኖሯል። የሞተሩንም ሒሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ጎማ ቀላሉ ነው። የኋላ ጥርስ ሲሆን ነገሩ ይከፋል፤ በመጠምዘዝ የሚገባው ዓይነት እና ተሰክቶ በቀለበት የሚታሰረው ዓይነት ፎቶ ላይ መንታ ይመስላሉ፣ አንዱ ግን በሌላው ጎማ ማዕከል ላይ ፈጽሞ አይውልም። የውስጥ ጎማ መንፊያም እንዲሁ ነው፤ ቀጭኑ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ እንደ መኪና የሆነው ወፍራሙ 8.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል። ወፍራሙ ለቀጭኑ ቀዳዳ የደረሰው አንድ ወዳጄ ቅሬታ ቢያቀርብ «ቸርኬውን በድሪል ያስፉት» ተብሎ ተመክሯል። ቀጭን የኮርስ ቸርኬ በድሪል! የዲስክ ፍሬን ሸማኔው ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ አልገባበትም፤ ፍሬን በግምት መሸጥ ግን ሰው መንገድ ላይ ከመጣል ምን ያህል እንደሚርቅ ሻጮቹ ራሳቸው ያስቡበት።

መርካቶ ውስጥ ለዓመታት የብስክሌት ዕቃ ሲሸጡ የኖሩ አንድ ሰውዬ አሉ። ሰላምታ አይወዱም። ጥያቄ ስትጨርስ ቀና ሳይሉ «ናሙናውን ይዘህ መጥተሃል?» ይላሉ። አልያዝኩም ካልክ «እንግዲያስ ሂድና ይዘህ ና» ብለው ወደ ሻያቸው ይመለሳሉ። ሰው እንደ ስድብ ቆጥሮት ሲወጣ አይቻለሁ። በእኔ ግምት ግን ከተማው ውስጥ ካሉ የደንበኛ አገልግሎቶች ሁሉ ምርጡ ያ ነው፤ የማይሆንህን ዕቃ ሸጠው አያውቁማ። አሮጌውን ጥርስ በእጃቸው ይዘው በአውራ ጣታቸው ይቆጥሩታል፣ ከመደርደሪያው አንዱን ያወርዳሉ፣ ጎን ለጎን ያስተያያሉ። በስልክ የሚሸጠው ልጅ ሊተካ የሚገባው ያንን አውራ ጣት ነበር። የተካው ግን የሰውዬውን ሱቅ ኪራይ ብቻ ነው።

ልጆቹን እንዲሁ ልወቅስ አልፈልግም። ሲጠየቁ የማይመልሱበትን ምክንያት ውሎ አድሮ ደርሼበታለሁ፤ አብዛኞቹ ዕቃው የላቸውም። ፎቶውን ከሌላ ቻናል ይወስዳሉ፣ ትንሽ ይጨምሩበታል፣ ገዢ ሲገኝ ወደ መርካቶ ይሮጣሉ። እጁ ላይ የሌለውን ጎማ ጎኑን ሊያነብልኝ አይችልም። «ኦርጅናል ነው ብሮ» የሚለው መልስ ንቀት መስሎኝ እናደድበት ነበር፤ ባዶ እጅ የያዘ ሰው ሌላ የሚለው የለውም። ድለላ ደግሞ በራሱ ነውር አይደለም። ቤትም መኪናም በደላላ ነው የምንገዛው። ደላላ መሆኑን ግን ይናገራል፤ ቤቱ የእኔ ነው አይልም።

ዋጋ መደበቁን በተመለከተም ለእነሱ የሚሆን መከራከሪያ አለ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው አያርፍም፤ ዛሬ የተለጠፈ ዋጋ ለነገ አይሆንም ይላሉ። ይሁን። 559 ሚሊ ሜትር ግን ከዶላር ጋር አይወጣም፣ አይወርድም። ዋጋውን በውስጥ መስመር፣ ልኩን በአደባባይ ማድረግ ማንን ይከለክላል?

ሕጉስ? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች ከሰጣቸው መብቶች የመጀመሪያው ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት ነው። በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድም በዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው በየሱቁ የተለጠፈ ወረቀት ከአዋጅ አይበልጥም። እርግጥ ተከራካሪ ሻጭ ቢገጥማችሁ «ጎማው አልተቀደደ፣ አልተላጠ፤ ጉድለቱ የታል?» ይላችኋል፤ ጠንካራ ክርክር ነው። መልሱ ከዚያው ከመጀመሪያው መብት ላይ ነው፤ ዓይነቱን ጠይቄህ የተሳሳተ ነግረኸኛል። በኤሌክትሮኒክ ስለሚደረግ ግብይት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በዚህ መንገድ የሚሸጥ ሰው ማንነቱን፣ አድራሻውንና ሙሉ ዋጋውን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሁለት ስልክ ቁጥር አድራሻ ከተባለ እንግዲህ።

ነገር ግን ለአንድ ጎማ ማን ይከሳል? ደረሰኝ የለም፣ የንግድ ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ አይታወቅም፣ ያለው ማስረጃ የከፈልንበት የቴሌብር መልእክት ነው። ሻጩም ይህንን ያውቃል። የአዲስ አበባው ሰው ቢያንስ አንድ ከሰዓት ሠውቶ መርካቶ መውረድ ይችላል። ባሕር ዳርን አስቡ፤ እዚያ ብስክሌት የሠራተኛውና የተማሪው የዕለት መጓጓዣ ነው። ከአዲስ አበባ በአውቶብስ የተላከለት ሰው የተሳሳተ ዕቃ ሲደርሰው ለመመለሻ ሌላ ጭነት ከፍሎ፣ የሚቀበለውን ሰው ለምኖ፣ ተከራክሮ… ትቶት ለጎረቤት ልጅ ይሰጠዋል። ሻጭ «ቅሬታ ቀርቦብን አያውቅም» ሲል የሚያወራው ስለዚህ ሰው ዝምታ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ በየአቅጣጫው ተዘርግቷል። ደስ ይለኛል፣ እነዳበታለሁም። የአስፋልቱን ቀለም ያየ ወጣት ብስክሌት ይገዛል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሰንሰለቱ ይላላል፣ ጎማው ይበላል። ያኔ የሚሄደው ወደ ስልኩ ነው። በኪሱም በትዕግሥቱም አንዴ ወይም ሁለቴ ከተሞኘ ብስክሌቱን በረንዳ ላይ ይሰቅልና ታክሲ ይሰለፋል። እንዲህ ተሰቅለው የቀሩ ብስክሌቶች በየግቢው አሉ፤ ብዙዎቹ የጎደላቸው አንድ ትንሽ ዕቃ ብቻ ነው።

እኛ ገዢዎችም ብንሆን ንጹሐን አይደለንም። ዋጋ ጠይቀን የምንጠፋ፣ ሞተረኛው በር ላይ ደርሶ ስልክ የምንዘጋ ሞልተናል። ሻጮቹ ቀድሞ ክፍያ የሚጠይቁት በዚህ ነው፤ አልፈርድባቸውም።

አሁን የምገዛው ከአንድ ልጅ ነው። ቀን ሌላ ሥራ ስላለው የሚመልሰው ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፣ አጻጻፉም ችኩል ነው፣ ውድ ደንበኛችን የሚባል ነገር አያውቅም። መጀመሪያ የኋላ ጥርስ ስጠይቀው የእኔን ጎማ ማዕከል ፎቶ እንድልክለት አዘዘኝ። ላክሁ። ማስመሪያ ያስደገፈውን የራሱን ዕቃ ፎቶ መልሶ ላከና «ያንተ የሚጠመዘዘው ነው፣ እኔ ጋ ያለው ሌላ ነው፣ እንዳትገዛ» አለኝ። የዚያን ዕለት ምንም አልሸጠልኝም። ከዚያ ወዲህ ሰንሰለትም፣ የፍሬን ሸማኔም፣ የውስጥ ጎማም ከእሱ ወስጃለሁ። ከሌሎቹ ትንሽ ይወደዳል። አልከራከረውም።