የውኃ ዔሊን ገንዳ በለምለም ተክል ስለ ማስጌጥ

በቤቱ እንስሳ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ የእንስሳውን ማደሪያ ከተፈጥሮው ጋር እንዲስማማ አድርጎ ማዘጋጀት ይገባዋል። ለፈረስ ጋጥ፣ ለዶሮ ቆጥ፣ ለንብ ቀፎ እንደሚያስፈልግ ሁሉ፤ ለውኃ ዔሊም ንጹሕ ውኃ፣ ወጥቶ የሚሞቅበት ደረቅ ስፍራና ለምለም ተክል ያስፈልገዋል። በዛሬው ዓምዳችን በመስተዋት ገንዳ ዔሊ ማሳደግ ለጀመሩ ቤተ ሰቦች፣ ይልቁንም በደብረ ታቦር፣ በጋፋትና በአካባቢው ደጋ ለሚኖሩት፣ በገንዳው ውስጥ ሕይወት ያለው ተክል እንዴት እንደሚገባ እናስረዳለን። ነገሩ ለጊዜው የቤት ጌጥ ብቻ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ከአንድ ገንዳ የወጣ ተክል ለአንድ ሐይቅ መከራ ሊሆን ስለሚችል፣ አንባቢዎቻችን እስከ መጨረሻው በማስተዋል እንዲመለከቱት እንለምናለን።

አስቀድሞ የየብስ ዔሊና የውኃ ዔሊ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ማወቅ ያሻል። ጀርባው እንደ ጉልላት ከፍ ያለው፣ ሣር እየነጨ የሚኖረው የየብስ ዔሊ ከጥልቅ ውኃ ቢገባ ይሰጥማል፤ ስለዚህ ለእርሱ ገንዳ አይዘጋጅለትም። የውኃ ዔሊ ግን ጀርባው ዝርግ ነው፤ የእግሩም ጣቶች ለመዋኛ እንዲመቹ በቆዳ የተያያዙ ናቸው። ፔሎሜዱሳ የሚባለው ወገን በአገራችን ውኃዎች ይገኛል። በዓለም ገበያ ለቤት ማሳደጊያ በብዛት የተሸጠው ግን ትውልዱ ከሰሜን አሜሪካ የሆነው፣ ከዓይኑ ኋላ ቀይ መሥመር ያለበት ዔሊ ነው። ይህም ሲገዛ ከመዳፍ ያነሰ ቢሆን፣ ሲያድግ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ፣ በመልካም ከተያዘም ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ከወንዝ ዔሊ ይዞ ወደ ቤት ማምጣት አይገባም።

ተክል በገንዳው ውስጥ ምን ይጠቅማል? ዔሊ ብዙ ይበላል፤ ብዙም ያቆሽሻል። ከኵሱና ከምግቡ ትራፊ አሞኒያ የሚባል መርዛም ነገር ይወጣል። በውኃው ውስጥ የሚኖሩ፣ ዓይን የማያያቸው ረቂቃን ተሕዋስያን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ተክል ደግሞ ይህንን እንደ ፍግ ይመገበዋል፤ ስለዚህ ውኃው ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። ከዚህም ሌላ ለዔሊው ጥላና መሸሸጊያ፣ ለሆዱም ለምለም ምግብ ይሆነዋል። የሆነ ሆኖ ተክል አለ ተብሎ ውኃ መለወጥን መተው አይገባም። ቢያንስ በየሳምንቱ ከውኃው ሩብ ያህሉን እየቀዱ በአዲስ መተካት ያስፈልጋል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት በሰፊ ዕቃ ሆኖ፣ ሳይከደን አንድ ቀን ቢያድር መልካም ነው።

ጀማሪ ሰው ከሦስት ዓይነት ተክል ባይበልጥ ይሻለዋል። የመጀመሪያው ሴራቶፊሉም የሚባለው ነው። ይህ ተክል ሥር የለውም፤ ቅጠሉ ቀጭን፣ መልኩም እንደ ቀበሮ ጅራት የተንዠረገገ ሆኖ በውኃ ውስጥ እየተንሳፈፈ ያድጋል። አፈር አይሻም፤ ዔሊው ቢቦጫጭቀውም ከተረፈው ቍራጭ እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ሁለተኛው ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ የረዘመው ቫሊስኔርያ ነው። ዔሊ መቆፈር ስለሚወድ፣ ይህን በትንሽ የሸክላ ዕቃ ተክሎ አፉን በድንጋይ መክደን ያስፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ በጣና ሐይቅ የሚገኙ ስለ ሆኑ ለአገሩ ውኃ ባዕድ አይደሉም። ሦስተኛው በምዕራብና በማዕከላዊ አፍሪቃ ጅረቶች ዳር የሚበቅለው፣ ከጌጥ ዓሣ ነጋዴ የሚገኘው አኑቢያስ ነው። ቅጠሉ ጠንካራና መራራ ስለ ሆነ ዔሊ እምብዛም አይደፍረውም። ግንደ ሥሩ ከተቀበረ ይበሰብሳልና፣ በክር ከድንጋይ ላይ ይታሰራል እንጂ በአሸዋ አይተከልም። ትንንሽ ጠጠር ግን በገንዳው ውስጥ አይነጠፍ፤ ዔሊ ውጦት አንጀቱን ሊዘጋበት ይችላል። የሚገባው ድንጋይ ሁሉ ከዔሊው ራስ የሚበልጥና ለስላሳ መሆን አለበት።

ከአበባ ቦታ ያገኙትን ቅጠል ሁሉ ወደ ገንዳ መጨመርም አደጋ አለው። ካላ ሊሊና ዲፈንባኪያ የሚባሉት አፍና ጉሮሮ የሚያቃጥል ነገር በውስጣቸው አለ። በፎገራ ሜዳ በሩዝ ማሳ አጠገብ ካለው ቦይ የተነቀለ ተክል ደግሞ የተባይና የአረም መድኀኒት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ተክል ከገንዳው ከመግባቱ በፊት በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ አልቅትና ቀንድ አውጣ እንዳይኖርበት ቅጠል በቅጠል ተመርምሮ፣ በሌላ ሳፋ ሁለት ሳምንት ይቈይ። ውኃውም በየጊዜው ይለወጥ።

ተክሉ ሥር ሳይዝ ዔሊው ከገባበት በአንድ ሌሊት ነቅሎ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ተክሉን፣ ኋላ ዔሊውን ማስገባት የተሻለ ነው። ዔሊው አስቀድሞ በገንዳው የሚኖር ከሆነ ግን የገንዳውን አንድ ወገን በወንፊት ከልሎ ተክሉን ማሳደግ ይቻላል። ከዚህም ጋር አንድ ሳፋ ሴራቶፊሉም በመስኮት አጠገብ ቢቀመጥ ለገንዳው እንደ ጎተራ ይሆናል፤ የተበላውን ከዚያ እየቀነሱ መተካት ነው። ግልገል ዔሊ ይበልጡን ሥጋ ይወዳል፤ እያደገ ሲሄድ ወደ ቅጠል ያዘነብላል። ስለዚህ ዛሬ ያልተነካ ተክል ከዓመት በኋላ ቢበላ ሊያስደንቅ አይገባም። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ በጥቂቱ ጀምሮ እያዩ መጨመር ከብዙ ኪሳራ ያድናል።

የደጋ ሰው ደግሞ ስለ ብርድ ሊያስብ ይገባዋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ያለ አገር ነው፤ ሌሊቱም ይበርዳል። ለቀይ ጆሮው ዔሊ የሚስማማው የውኃ ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ውኃው ከቀዘቀዘ ዔሊው መብላት ይተዋል፤ ቈይቶም ይታመማል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሲገባ ዔሊው እንዳይሰብረው በመከለያ ይሸፈን፤ መብራት በጠፋም ጊዜ ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ይረዳል። ብርሃን ግን በአገራችን አይቸግርም፤ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ስለ ሆነ በመስኮት አጠገብ ተክሉ በቂ ያገኛል። ነገር ግን ገንዳው ቀጥተኛ ፀሐይ ከመታው ውኃው ከልክ በላይ ይሞቃል። ደግሞም ለዔሊው አጥንትና ድንጋይ ለሚመስለው ልብሱ የሚያስፈልገው የፀሐይ ጨረር በመስኮት መስተዋት አያልፍም። ስለዚህ ፀሐይ ደስ በሚያሰኝበት ሰዓት፣ ጥላ ባለበት ስፍራ፣ ውሻና ጭልፊት እንዳይነኩት እየተጠበቀ በደጅ እንዲሞቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ተንሳፋፊ ተክል የሚፈልግ ጀማሪ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በእምቦጭ ላይ ነው። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ አበባው ሐምራዊ፣ አያያዙም ቀላል ነው። ነገር ግን በዚህ ውበቱ ምክንያት ነው ዓለምን የጐዳው። ትውልዱ በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ወንዝ አገር ሲሆን፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት ለአበባው ሲባል ወደ ሌሎች ክፍላተ ዓለም ተወሰደ፤ ከጌጥ ኵሬም አምልጦ ወንዝና ሐይቅ ወረሰ። በአገራችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በቆቃና በአዋሽ፣ በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ መታየቱ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ የፎገራ፣ የሊቦ ከምከም፣ የደንቢያና የሌላውም ወረዳ ገበሬ ከደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖረ። እምቦጭ የውኃውን ፊት ሸፍኖ ብርሃንና አየር ይከለክላል፤ የዓሣ መረብና የታንኳ መንገድ ይዘጋል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ሒሳብ አንዲት እግር እምቦጭ አምስት ወር ሳይሞላ ከ1000 ትበልጣለች። ዘሩም በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ እምቦጭ ባለበት ዳርቻ ሌላ ተክል እንኳ ቢሆን ለገንዳ ብሎ መውሰድ አይገባም፤ ዘሩ ከጭቃው ጋር ይመጣልና።

ቀይ ጆሮው ዔሊም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለም። በብዙ አገር ባለቤቶቹ ሲሰለቹት ወደ ወንዝ እየለቀቁት፣ የአገሩን ዔሊ ከምግቡና ከመሞቂያው አስለቅቋል። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ባወጣው፣ 100 እጅግ የከፉ ወራሪ ፍጥረታት በተጻፉበት መዝገብ እምቦጭም ቀይ ጆሮው ዔሊም ሁለቱም ይገኛሉ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2016 ሁለቱንም በወራሪዎች መዝገብ አስገብቶ ንግዳቸውን ከልክሏል። እንግዲህ አላዋቂ ሰው ለጌጥ ብሎ ሁለቱን በአንድ ገንዳ ቢያኖር፣ የሚጠብቀው ነገር ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ ከዚህ ይረዳ።

ጋፋት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራባት ስፍራ መሆንዋን ሁሉ ያውቃል፤ የዚያ ደጋ ዝናብ ወዴት እንደሚወርድ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወገን ተነሥተው፣ የደብረ ታቦርን አካባቢ ውኃ እየሰበሰቡ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። በሌላ ስፍራ የማይገኙት የጣና ላቤዮባርቡስ ዓሦች ብዙዎቹ ዕንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው ወደ እነዚህ ወንዞች ይወጣሉ። ስለዚህ በደጋ ላይ ከደጃችን በታች ወዳለችው ፈፋ የደፋነው አንድ ባልዲ ውኃ የጣናን ደጅ ያንኳኳል።

ከዚህ የተነሣ ይህን ደንብ ቤተ ሰብ ሁሉ ይጠብቅ። የገንዳ ውኃ ከወንዝና ከቦይ ርቆ በዛፍ ሥር ይፍሰስ፤ ለዛፉም ፍግ ይሆነዋል። ከገንዳ የወጣ ተክል እስኪንኰሻኰሽ በፀሐይ ደርቆ ይቃጠል። ዔሊውን ማሳደግ ያልቻለ ሰው ወደ ውኃ አይልቀቀው፤ የእንስሳት ሐኪም ወይም የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ይጠይቅ። ልጆችም ዔሊውንና ውኃውን በነኩ ቍጥር እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ገንዳውም ምግብ በሚሠራበት ማድ ቤት አይታጠብ። ጤነኛ የሚመስል ዔሊ ሳይቀር ሳልሞኔላ የሚባለውን የተቅማጥ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላልና። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት በ1975 ርዝመታቸው ከ10 ሳንቲ ሜትር የሚያንስ ዔሊዎች እንዳይሸጡ ከልክሏል።

ልጅ ሕይወት ያለውን ነገር መጠበቅ ከሚማርባቸው መልካም ትምህርት ቤቶች አንዱ የዔሊ ገንዳ ነው። በማለዳ ተክሉን ሲመለከት፣ ውኃውን ሲለውጥ፣ የወደቀውን ቅጠል ሲለቅም ትጋትን ይማራል። ያንን ቅጠል ወደ ፈፋ ሳይጥል አድርቆ ሲያቃጥለው ደግሞ፣ በታች በሐይቁ ዳር የሚኖረውን የማያውቀውን ወንድሙን ማሰብ ይማራል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ቃል በእውነት ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል።