ዜማን በዓይን ማየት

ባለፈው ቅዳሜ ከስድስት ዓመቷ ልጄ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጠን የህንድ ሥዕሎች መጽሐፍ እናገላብጥ ነበር። አንዱ ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። አንዲት ሴት ቪና የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ ይዛ ጫካ ውስጥ ቆማለች፤ ሚዳቋዎች ከበዋታል። «እማዬ፣ ለምንድን ነው ብቻዋን የሆነችው?» አለችኝ።

ሥዕሉ «ራጋማላ» ከሚባሉት አንዱ ነው፤ የራጋዎች ጉንጉን እንደ ማለት። ራጋ በህንድ ክላሲካል ሙዚቃ ዜማው የሚመራበት ሥርዓት ነው። የራሱ ስሜት፣ ብዙውን ጊዜም የራሱ ሰዓት ወይም ወቅት አለው። ትዝታ ገና በክራር ሲጀመር ሆዳችን ለሚባባው ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ከ16ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን በራጃስታን፣ በደካንና በሂማላያ ግርጌ የነበሩ ሠዓሊዎች ይህን ስሜት የመጽሐፍ ገጽ በሚያህል ወረቀት ላይ ሣሉት። የተለመደው ስብስብ 36 ሥዕሎች አሉት፦ ስድስት ራጋዎች እንደ ባል፣ ለእያንዳንዳቸው አምስት ራጊኒዎች እንደ ሚስት። በአንዳንድ አካባቢ ልጆችም ይጨመሩበታል። ሜግ የዝናብ ራጋ ስለሆነ ሰማዩ በጥቁር ደመና ይሞላል። ሂንዶል ዥዋዥዌ ማለት ነውና ሥዕሉም ዥዋዥዌ ያሳያል። ልጄን ያስቆመቻት ሴት ደግሞ ቶዲ ናት። የምትወደው ሰው አጠገቧ የለም፤ የሚያዳምጧት ሚዳቋዎቹ ናቸው።

ይህንን ስነግራት «እንደ አባዬ ለሥራ ሄዶ ነው?» አለች።

ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ከሄደ አራት ወሩ ነው። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ምሳዋ በየቀኑ እጠይቃታለሁ። ስለ ናፍቆቷ ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ ሥዕል የምመርጠው ሰው ቶሎ አይቶ እንዲገዛ ነው። ይህቺ ሥዕል ግን ቁጭ አድርጋ አነጋገረችን።

ማታ በክራር ብቻ የተሠራ ትዝታ ከፍቼ ወረቀትና ከለር ሰጠኋት። «ይሄ ሙዚቃ ምን ይመስላል?» ከማለት ሌላ ምንም አላልኩም። ቤት ሣለች፤ ከቤቱ ረጅም መንገድ፣ ከመንገዱ ጫፍ ትንሽ መኪና። መኪናዋ ወደ ቤት ዞራለች።

ፎቶ አንስተን ላክንለት። ወዲያው ደወለ።

እናንተም አንድ ምሽት ሞክሩት። ግጥም የሌለው ዜማ ምረጡ፣ ልጆቹ ሲሥሉ አታርሟቸው፣ ሲጨርሱ ጠይቋቸው። ለእናንተም ወረቀት ያዙ።