ሽልማቱ ለማን ይሰጥ?

ሰሞኑን በየላቡ በር ላይ አንድ ወሬ ይሰማል። ዲፓርትመንታችን በአናሊቲካል ኬሚስትሪ ምርምር ለጀመሩ ወጣቶች፣ ማለትም ለተመራቂ ተማሪዎች፣ ለጂኤዎችና ለአዳዲስ ሌክቸረሮች በየዓመቱ ሽልማት ሊሰጥ አስቧል ይባላል። ሐሳቡን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ መስፈርቱ በደንብ ካልታሰበበት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል ብዬ እፈራለሁ። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ ተሸልሜ ስላየሁት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያ ፕሮጀክቴ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያሉ የጉድጓድ ውኃዎችን የፍሎራይድ መጠን መለካት ነበር። የዚያ አካባቢ ልጅ የሆነ ሰው ፍሎራይድ ለምን እንደሚለካ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ የበለዘ ጥርስ እያየ ነው ያደገው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ውኃ ለዓመታት ሲጠጣ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ መጠኑ በጣም ሲጨምር ደግሞ አጥንትንም ይጎዳል።

የለካሁት ፍሎራይድን ለይቶ በሚያነብ ኤሌክትሮድ ነው። ስታንዳርድ ለማዘጋጀት ሶዲየም ፍሎራይድ ማድረቅ፣ መመዘንና ማሟሟት ነበረብኝ። ሚዛኑ ላይ ወረፋ አለ፣ የሪፖርት ማስረከቢያው ቀን ደርሷል። ሼልፍ ላይ «100 ሚሊግራም በሊትር» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት፣ ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ያዘጋጁት የፕላስቲክ ጠርሙስ አገኘሁ። ቀን አልተጻፈበትም፤ ክዳኑም በደንብ አይገጥምም። «ምን ይሆናል» ብዬ ከእሱ እያቀጠንኩ አምስት ስታንዳርድ ሠራሁ። ካሊብሬሽን ከርቩ ሲያምር ብታዩት! አር ስኩዌርድ 0.999፣ ስሎፑም መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው 59 ሚሊቮልት ብዙም አይርቅም። የአንዱ ጉድጓድ ውኃ 1.4 ወጣልኝ። «ከመመሪያው በታች ስለሆነ ለመጠጥ ተስማሚ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በዓመቱ መጨረሻ ምርጥ ፕሮጀክት ተባለና ሰርተፍኬትና አንድ መጽሐፍ ተሸለምኩ። ጭብጨባው የጉድ ነበር።

አንዲት የክፍላችን ልጅ ከዚያው ጉድጓድ የተቀዳ ውኃ ለክታ ነበር። የእሷ ውጤት 1.7 ነው። ሚዛኑን ወረፋ ጠብቃ፣ ሶዲየም ፍሎራይዱን አድርቃ፣ 0.221 ግራም መዝና በአንድ ሊትር ፍላስክ ውስጥ አሟሟታለች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ንባቦች አልስማማ ሲሏት እንደገና ለካች፤ አሁንም እንደገና። ሪፖርቷን ሁለት ሳምንት አሳልፋ ስላስረከበች ማርክ ተቆረጠባት። ስሟን ማንም አላነሳም።

ከሽልማቱ በኋላ ካፌ ተቀምጠን ውጤታችንን ስናስተያይ ልዩነቱን አየን። እኔ መቼም የተሸለምኩ ስለሆንኩ ስህተቱ የእሷ መሰለኝ። እሷ ግን ምንም ሳትከራከር «ያንን ጠርሙስ በእኔ ስታንዳርድ ለካው» አለችኝ። በማግስቱ ለካሁት። 100 ነው የተባለው 121 ሆኖ ተገኘ። ክዳኑ ስለማይገጥም ውኃው ቀስ በቀስ ተንኖ ጨውን ብቻ ጥሎ ሄዷል። 1.4ን በ1.21 ብታባዙት 1.7 ገደማ ይመጣል። የልጅቷ ቁጥር ማለት ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ የሚያምር መስመር ምን ሊባል ነው? ለጁኒየሮች ግልጽ እንዲሆን ላስረዳ። አምስቱም ስታንዳርዶች የተቀዱት ከአንድ ጠርሙስ ስለሆነ የሁሉም ስህተት በእኩል እጥፍ ነው። ግራፉ ደግሞ በሎጋሪዝም የሚሣል ነው። ስለዚህ መስመሩ ወደ ጎን ይሸሻል እንጂ አይጣመምም፤ ስሎፑም አይለወጥም። አር ስኩዌርድ ነጥቦቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ይናገራል እንጂ ከእውነቱ ጋር መስማማታቸውን አይመሰክርም። እኔን የገመገሙኝ ሰዎች ያዩት ግን ይህንኑ መስመር ነበር። የላብ ደብተሬን የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።

በወረቀት ላይ 0.3 ትንሽ ቁጥር ናት። ለዚያ ጉድጓድ ግን «ጠጡ» እና «አትጠጡ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለች ልዩነት ናት። ሪፖርቴ ሼልፍ ላይ ከመቀመጥ አልፎ ለማንም አለመድረሱ ነው የረዳኝ። ስህተቱን ለአድቫይዘሬ ስነግር «ያለፈ አልፏል፣ ለወደፊቱ ተጠንቀቅ» ተባልኩ። ሰርተፍኬቱ ግን ዛሬም ቤታችን ሳሎን ተሰቅሏል፤ እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳያለች። እኔም በዚያ ሰዓት ቡና ላቀርብ ብዬ እነሳለሁ።

በውጭው ዓለም ለጀማሪ ተመራማሪ መሸለም የቆየ ልማድ ነው። በአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ የአናሊቲካል ኬሚስትሪ ክፍል ለወጣት ሳይንቲስቶች በአርተር ፊንዳይስ ስም የሚሰጥ ሽልማት አለ። በእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ኬሚስትሪ ደግሞ በጆሴፍ ብላክ ስም የተሰየመ አለ። ይህ ስም በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስለኝም። ብላክ እ.ኤ.አ. በ1754 በኤድንብራ የሕክምና መመረቂያ ጽሑፉን ሲያቀርብ የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ማግኒዢያ አልባ የሚባለውን ነጭ ዱቄት ከማሞቁ በፊትም ከሞቀ በኋላም መዘነ። የጎደለውን ክብደት ችላ አላለውም፤ የት እንደሄደ ፈለገ። ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው ጋዝ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። መሣሪያው ሚዛንና ትዕግሥት ነበር።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ጃፓናዊው ኮይቺ ታናካ እ.ኤ.አ. በ1985 በሺማድዙ ኩባንያ የሚሠራ የ25 ዓመት ኢንጂነር ነበር። ዶክትሬት አልነበረውም። በሙከራ መሐል በብረት ዱቄት ላይ በስህተት ግሊሰሪን ጨመረበት። መድፋቱ ብክነት መስሎ ስለታየው እሱንም ለካው። ትልልቅ ሞለኪውሎች ሳይሰባበሩ በማስ ስፔክትሮሜትር እንዲታዩ መንገድ የከፈተው ሥራ የመጣው ከዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ አደረገው። የታተመ ወረቀት ብቻ የሚቆጥር ኮሚቴ በ1985 ታናካን የሚያገኘው አይመስለኝም።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኸውና። አንደኛ፣ ለሽልማቱ የሚወዳደር ሰው ከሪፖርቱ ጋር የላብ ደብተሩን ያስረክብ። ስታንዳርዱ መቼና በማን እንደተዘጋጀ፣ ስንት ጊዜ እንደተለካ፣ የተጣለ ንባብ ካለም ለምን እንደተጣለ ይታይ። ሁለተኛ፣ ኮሚቴው መጠኑን ራሱ ብቻ የሚያውቀው አንድ ናሙና አዘጋጅቶ ለተወዳዳሪው ይስጥ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ፍላስክና በታማኝነት የተያዘ አንድ ምስጢር ይበቃል። ሦስተኛ፣ ሌላ ተማሪ በተጻፈው ፕሮሲጀር ብቻ ተመርቶ አንዱን ውጤት ይድገመው። አራተኛ፣ የላብ ቴክኒሺያኖቻችን በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ይኑራቸው። ማን ፒፔቱን አጥቦ እንደሚመልስ፣ ማን ቁጥር ከጓደኛው እንደሚገለብጥ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ለሽልማት የሚወጣው ገንዘብ ለኬሚካል መግዣ ቢውል አይሻልም ወይ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኬሚካል ሲጠፋ ስንት ጊዜ ላብ እንደተሰረዘብን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ሽልማቱ ብር ይሁን አላልኩም። አሸናፊው ለአንድ ሴሚስተር ሚዛኑንና ኤሌክትሮዱን በቅድሚያ ቢጠቀም ለምርምር ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ አለ? «ሽልማት ቅናት ያመጣል» የሚሉም አሉ። ቅናት የሚያመጣው መስፈርቱ የማይታወቅ ሽልማት ነው። ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ ግን የተሸነፈውም አንብቦ ይማርበታል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ላብ ውስጥ የፈሰሰውን እንኳ ሳንለቅም ስንሸለም ኖረናል። ዘግይታ ግን ትክክለኛውን ቁጥር ይዛ የመጣችውን ልጅ ማርክ ቆርጠን የምንሸኝ ከሆነ፣ ከእሷ ኋላ የሚመጡት ጁኒየሮች ከእኔ እንጂ ከእሷ አይማሩም።

የእኔን የፕሮጀክት ደብተርና ያንን ጠርሙስ ለላብ ቴክኒሺያናችን አስረክቤአለሁ። ጠርሙሱ ላይ ቀኑንና «121» የሚለውን ቁጥር ጽፌበታለሁ። የሚፈልግ ሄዶ ይለካው። ኮሚቴው ሲቋቋም ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ የዚያን ዓመት ሽልማት እንደገና ማየት ቢሆን እኔ ተቃውሞ የለኝም። ሰርተፍኬቱን ከሳሎን የማወርደውም እኔው ነኝ፤ ለእናቴም እኔው አስረዳታለሁ።