ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ

ቤተ ክርስቲያን በሌለበት በዐረቡ ምድር፣ በቱቅባና በደማም ሲሠሩ ለቁልቢ ገብርኤል በልባቸው የተሳሉ እኅቶች ወደ ሀገር ሲገቡ «ከለገሃር የሚነሣው ባቡር ዛሬም አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። እናቶቻቸው በዚያ ባቡር ሄደው ተሳልመዋልና።

ለገሃር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረቡ፣ ልዑል ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩትን ደብር ለመሳለም ብዙዎች እስከ ድሬዳዋ በባቡር ይሄዱ ነበር። ከዚያ የደንገጎን ዳገት በመኪና ወይም በእግር ይወጣሉ።

በጥር 1977 ዓ.ም. ባቡሩ አዋሽ አጠገብ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ነፍሳትም ዐለፉ። በጸሎታችን እናስባቸው። ሐዲዱና ድልድዮቹ እያረጁ ሲሄዱ ከለገሃር የሚነሣው ጉዞ ፈጽሞ ቀረ።

አዲሱ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። የአዲስ አበባ መነሻው ግን ለቡ እንጂ ለገሃር አይደለም፤ የድሬዳዋው ጣቢያም ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ስለዚህ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ለገሃር ደጃፍ ላይ እንዳትንገላቱ፣ የጉዞውን ቀንና ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ። በአውቶቡስ ብትሄዱም ስእለታችሁ አይጐድልም፤ የተሳላችሁት ለመጓጓዣው አይደለምና።